ሽንኩርቱ ሲያድር፦ የአንድ ሳህን ሾርባ ሙሉ ሒሳብ

(ከረመዳን በፊት በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲነሣ ሁላችሁም የምትጠብቁት ስለተሰበሰበ ቁጠባና ስላልተመለሰ ብድር እንድንናገር ነው። እሱን በወረቀት አድለናችኋል፤ ቤታችሁ ገብታችሁ በእርጋታ ታነቡታላችሁ። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሽንኩርት ሾርባ ነው። ምክንያቱም አባሎቻችን በረመዳን ወር የኢፍጣር ሾርባ በጋራ አብስለን እንሽጥ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል፤ ለዚህም ከጋራ ገንዘባችን በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚያበስል ድስት ይገዛ ብለዋል። ከጋራ ገንዘብ ወጪ ሲጠየቅ ደግሞ ሒሳብ ክፍል ዝም ማለት አይገባውም።

በመጀመሪያ ስለ ሾርባው። ይህን ሾርባ ወደ ከሚሴ ያመጡልን ከአረብ አገር የተመለሱት እህቶቻችን ናቸው። በሰው ቤት ሲሠሩ የተማሩት ነው። ሾርባው በስሙ የፈረንሳይ ነው፤ ሽንኩርት በቅቤ ቀስ ተብሎ ቡናማ እስኪሆን ይበስላል፣ የአጥንት መረቅ ይጨመርበታል፣ ከላይ የተጠበሰ ዳቦና አይብ ይደረግበታል። ስሙ የትልቅ ሆቴል ምግብ ያስመስለዋል እንጂ የድሃ ምግብ ነበር። ፓሪስ መሀል ሌዛል የሚባል ትልቅ የአትክልትና የሥጋ ገበያ ነበር፤ በ1969 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከከተማው ወጥቶ ሩንጂስ ወደሚባል ቦታ ተዛወረ። በዚያ ገበያ ሌሊቱን ዕቃ ሲያወርዱ የሚያድሩ ተሸካሚዎችና ነጋዴዎች ብርዱን የሚያባርሩት በዚህ ሾርባ ነበር። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የምትወጡ እህቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ገበያተኛ የሚፈልገው ትኩስ፣ የሚያጠግብና ርካሽ ነገር ነው። ሽንኩርት፣ አጥንትና ያደረ ዳቦ ደግሞ በየትኛውም አገር ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

ለኛ ሽንኩርት እንግዳ አይደለም። በአማርኛ ቀይ ሽንኩርት ብንለው፣ በአፋን ኦሮሞ ቁሉቢ ብንለው፣ በዞናችን ያለ እሱ የሚጀመር ወጥ ጥቂት ነው። በቦርከና ውሃ በመስኖ የሚለማውን ሽንኩርት ከማሳው አፍ ላይ የምንገዛ ሰዎች ነን። አሠራሩም ቢሆን አዲስ አይደለም። እናቶቻችን ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ በለስላሳ እሳት ያቁላላሉ። ሲደርቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ እንዳይዝ እያማሰሉ፣ ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። ሽንኩርቱ ያልበሰለ ወጥ ምንም ያህል ቅቤና በርበሬ ቢገባበት እንደማይጥም ሁላችንም እናውቃለን። ፈረንሳዮቹም ያገኙት ይህንኑ ምሥጢር ነው፤ እነሱ በርበሬ አልጨመሩበትም፣ እኛ ዳቦ አልጨመርንበትም፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? ከሽንኩርት ክብደት ከመቶ 89 ያህሉ ውሃ ነው። ውሃው እስካለ ድረስ የድስቱ ሙቀት ከውሃ መፍያ አያልፍም፤ ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ እዚህ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። በዚህ ሙቀት ዓይን የሚያስለቅሰው የሽንኩርቱ ሽታ ቀስ በቀስ ይተናል፣ በውስጡ ያለው ስኳር ጎልቶ ይወጣል። ስኳሩና የፕሮቲን ቅንጣቶቹ በሙቀት ሲዋሐዱ ቡናማው ቀለምና ያ የምንወደው መዓዛ ይመጣል። ይህን የዋሐዳ ሒደት በ1912 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የገለጸው ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪምና የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነው። እሳቱ ሲበረታ ሒደቱ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ከቡናማ ወደ ጥቁር፣ ከጣፋጭ ወደ መራራ ለመሄድም ደቂቃ አይፈጅበትም። እሳቱ ሲለዝብ ሰዓት ይፈጃል፤ ግን አያርም። ስለዚህ ያለን ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ሰው ድስቱ ሥር ቁጭ ብሎ ያማስላል፣ ወይ ጊዜ ይሰጠዋል።

ጊዜ የሚሰጠው ድስት እንዴት እንደተገኘም እንንገራችሁ። ቀስ ብሎ የሚያበስለውን የኤሌክትሪክ ድስት፣ እህቶቻችን ስሎው ኩከር የሚሉትን፣ የፈለሰፈው ኧርቪንግ ናክሶን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1940 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሐሳቡ የመጣለት እናቱ ከነገረችው ወሬ ነበር። በሊትዌኒያ ይኖሩ የነበሩ አይሁዶች በሰንበት እሳት ስለማይነኩ፣ ዓርብ ከመምሸቱ በፊት እያንዳንዱ ቤት የባቄላና የሥጋ ድስቱን ወደ ሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ይወስዳል፤ ድስቶቹ በምድጃው የቀረ ሙቀት ሲበስሉ አድረው በማግስቱ ይነሣሉ። ልብ በሉ፣ የድስቱ አባት የብዙ ቤተሰብ የጋራ ምድጃ ነው። ድስቱ በ1971 ክሮክ ፖት በሚል ስም ገበያ ሲወጣ የተሸጠው ከቤት ውጭ ለሚሠሩ ሴቶች ነበር። እኛም እንጀራ ጋግረን ስንጨርስ በምድጃው ረመጥ ላይ ሽሮ ወይም ንፍሮ ጥደን የምንተወው በዚሁ ብልሃት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ረመዳንን አስበን፣ በአንድ ድስት ብቻ ሥራው እንዲያልቅ አድርገን አስተካክለነዋል። ድስቱ ከ5 እስከ 6 ሊትር የሚይዝ ነው፤ ለ10 ሳህን ይበቃል።

ከተራዊሕ በኋላ፣ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ተልጦ በቁመቱ ስስ ተደርጎ ይከተፋል። እንደ ወጥ ሽንኩርት ደቃቅ አይሁን፤ ሾርባው ውስጥ ክሩ መታየት አለበት። ሽንኩርቱ ወደ ድስቱ ይገባል፤ 3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይትና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመርና ይታሻል። ጨው ውሃውን ቶሎ ያወጣዋል። ሌላ ውሃ አይጨመርም፤ ስኳርም አያስፈልግም፣ የራሱ ይበቃዋል። ማዞሪያው ዝቅተኛው ላይ ይደረግና ይከደናል።

ለሱሑር ስንነሣ አንድ ጊዜ እናማስላለን። በዚያን ሰዓት ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ተነክሮ እናገኘዋለን። ክዳኑ እንፋሎቱን መልሶ ስለሚያወርደው እንደ ብረት ድስት ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ክዳኑ ሥር ማማሰያ ጣል አድርገን ትንሽ ክፍተት እንሰጠዋለን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሽንኩርቱ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ፣ ከገባበት ወደ ሲሦው ያህል ወርዶ ይጠብቀናል።

ያኔ 1 ኪሎ የበሬ ወይም የፍየል አጥንት ለብቻው በሌላ ድስት አንድ ጊዜ ይገነፍላል፤ አረፋው ከነውሃው ይደፋል። አጥንቱ በንጹሕ አቡጀዲ ተቋጥሮ ከ2 ሊትር የፈላ ውሃ ጋር ሽንኩርቱ ላይ ይገባል። መቋጠሩ የአጥንት ስብርባሪ ሾርባው ውስጥ እንዳይቀር ነው፤ ሕፃናትም አረጋውያንም ይጠጡታልና። ቀዝቃዛ ውሃ በሞቀው ድስት ላይ አይፈስስም፤ የሸክላው ውስጠኛ ክፍል ሊሰነጠቅ ይችላል። ክዳኑ በደንብ ይገጠምና በዝቅተኛው ሙቀት እስከ መግሪብ ይቆያል። ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቋጠሮው ይወጣል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይገባል። ጾመኛ እጅ ስለሆነ ጨው በቅምሻ ሳይሆን በማንኪያ ይለካ፤ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ጣዕሙ እንዳይለያይም ይረዳል።

ፈረንሳዮቹ የሚጨምሩትን ወይን እኛ አንጨምርም፤ ያንን የኮምጣጣነት ቦታ ግማሽ ሎሚ ይሞላዋል። አይባችንም እንደነሱ አይብ አይቀልጥም፤ በእርጎው ኮምጣጣነትና በሙቀት የረጋ አይብ ምድጃ ቢገባ ይደርቃል እንጂ አይለጠጥም። ስለዚህ አይብ ለማቅለጥ አንድከም። ያደረ ዳቦ ምጣድ ላይ ጠበስ አድርገን፣ ነጭ ሽንኩርት አሸት አድርገን፣ ሳህኑ ላይ እናንሳፈዋለን። ይበቃል።

ስለ ደኅንነት ሦስት ነገር ሳንናገር አንቀመጥም፤ ለሰው የሚሸጥ ምግብ አደራ ነውና።

አንደኛው መብራት ነው። ጀርሞች የሚራቡት ለብ ባለ ምግብ ውስጥ ነው፤ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ የሚቀመጥ ምግብ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ መሆን አለበት። መብራት ከሄደ ድስቱ ሳይቀዘቅዝ ወደ ከሰል ምድጃ አዛውረን እናፍላው። ሌሊት ተኝተን ሳለን ጠፍቶ እንደመጣ ካወቅን፣ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ካላወቅን ግን፣ ያ ድስት ይደፋል። የ500 ብር ምግብ መድፋት ያማል፤ የጾመ ሰው ሆድ ማሳመም ግን ከዚያ ይብሳል።

ሁለተኛው ማስቀመጥ ነው። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ የበሰለውን ሽንኩርት በዘይት አድርገን በጠርሙስ እንሽጥ ብለዋል። በ1983 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፒዮሪያ በምትባል ከተማ፣ በቅባት የተቁላላ ሽንኩርት ለብ ብሎ ከቆየ በኋላ የበሉ 28 ሰዎች ቦቱሊዝም በሚባል መርዝ ታመዋል። የዚህ መርዝ ጀርም ዘር ከአፈር ጋር ይመጣል፣ መቀቀል አይገድለውም፣ አየር በሌለበት ቅባት ሥር ደግሞ ይመቸዋል። መጥፎ ሽታ ስለማይኖረውም በአፍንጫ አይለይም። ስለዚህ በጠርሙስ የሚባለው ነገር በማህበራችን ስም አይሸጥም። የተረፈ ሽንኩርት ካለ ቶሎ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ይገባል፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይበላል።

ሦስተኛው ቦሎቄ ነው። ድስቱን ከገዛን ቦሎቄም ይበስልበታል ማለታችን አይቀርም። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ክፉኛ የሚያስመልስ መርዝ አለው፤ የዚህ ድስት ዝቅተኛ ሙቀት አያጠፋውም። ቦሎቄ ዘፍዝፈን፣ የዘፈዘፍንበትን ውሃ ደፍተን፣ በእሳት ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ክፉኛ ካፈላነው በኋላ ብቻ ወደዚህ ድስት ይግባ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ሙያ። አንድ ድስት ስንት ያወጣል? የምንጠቅሰው ዋጋ ለስሌት እንዲመች የያዝነው ነው፤ ገበያው ሲለወጥ ቁጥሩን ቀይራችሁ ደምሩት፣ መንገዱ ግን ያው ነው።

ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ኪሎውን 60 ብር ብንይዝ 120 ብር። አጥንት 150 ብር። ቅቤ ወይም ዘይት 60 ብር። ዳቦ 10፣ በ10 ብር ሒሳብ 100 ብር። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ 20 ብር። ውሃ 4 ብር። መብራቱ ደግሞ እንዲህ ይሰላል፤ ድስቱ በዝቅተኛው ላይ 150 ዋት ቢወስድ፣ ከሌሊቱ 3 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 10 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት 11 ሰዓት፣ በድምሩ 21 ሰዓት ይሆናል። 150 ዋት በ21 ሰዓት 3.15 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንዱን 5 ብር ብንይዝ ወደ 16 ብር ይመጣል። እዚህ ድረስ ድምሩ 470 ብር ነው። ለ10 ሳህን ሲካፈል 47 ብር።

በሐሳብ አቅራቢዎቹ ወረቀት ላይም አንድ ሳህን በ50 ብር ይሸጥ ተብሏል፤ በድስት 30 ብር ትርፍ ተጽፏል። ደመራው ትክክል ነው። የጎደለው ግን ሁለት መስመር ነው።

የመጀመሪያው የእርጅና ቅናሽ ነው። ድስቱ 6,000 ብር ተገዝቶ 3 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 100 ጊዜ ቢጣድ፣ 300 ጊዜ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ 20 ብሩ ያልቃል። ያንን 20 ብር ካላስቀመጥን በአራተኛው ዓመት ድስት የሚገዛልን ለጋሽ ፍለጋ እንወጣለን። በረመዳን ብቻ ጥደን ከዚያ በካርቶኑ ብናስቀምጠው ደግሞ 3 ዓመት ማለት 90 ጊዜ ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ወደ 67 ብር ይደርሳል። ሥራ የፈታ ዕቃ ውድ ዕቃ ነው። ለሰርጉም፣ ለሰደቃውም፣ ለወጡ ቁሌትም መዋል አለበት።

ሁለተኛው መስመር ጉልበት ነው። ሽንኩርቱን መላጥና መክተፍ 45 ደቂቃ፣ አጥንቱን መገንፈልና ዕቃ ማጠብ 30 ደቂቃ፣ ዳቦ መጥበስና ማቅረብ 15 ደቂቃ፤ በድምሩ አንድ ሰዓት ተኩል። ሰዓቱን 40 ብር ብንይዝ 60 ብር ነው። 470 ሲደመር 20 ሲደመር 60፣ 550 ብር። አንድ ሳህን 55 ብር ወጣ ማለት ነው። በ50 ብር ብንሸጥ በየድስቱ 30 ብር አናተርፍም፤ 50 ብር እንከስራለን። በሁለት ድስት፣ በ30 ቀን፣ 3,000 ብር ኪሳራ ነው። ገንዘቡ ግን በጥሬው ሲቆጠር ትርፍ ይመስላል፤ ምክንያቱም ኪሳራውን የከፈለው የሴቶቹ ጉልበት ነው። ጉልበት ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

እዚህ ላይ የቀረበውን ተቃውሞ ሰምተናል። «ሽንኩርት ለመላጥ ክፍያ? እናቶቻችን ስንት ዘመን ልጠዋል፣ ማን ከፍሏቸው ያውቃል?» ተብሏል። ተቃውሞው በቅን ልብ የመጣ ስለሆነ በቅንነት እንመልሳለን። ለቤት፣ ለጎረቤት፣ ለሐዘንተኛ የምንልጠው ሽንኩርት ዋጋ አይተመንለትም፤ እሱ ዝምድናና ምንዳ ነው። ለገበያ የምንልጠው ግን ሥራ ነው። ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን መካከላችን ተቀምጠዋል። እዚያ ይህንኑ ሽንኩርት ሲልጡ፣ ይህንኑ ድስት ሲያጥቡ በወር ይከፈላቸው ነበር። አነሰም በዛም፣ በላኩት ብር ቤት ተሠርቷል፣ ወንድም ተምሯል፣ እዚህ ቁጠባ ተጀምሯል። ያው እጅ፣ ያው ቢላዋ፣ ያው ሽንኩርት ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ዋጋው ዜሮ የሚሆንበት ሒሳብ የለም። በገዛ ማህበራችን መዝገብ ላይ የገዛ ሥራችንን ዜሮ ብለን ከጻፍነው፣ ልጆቻችን ሥራ ፍለጋ ባሕር አሻግረው ሲያዩ ምን ብለን እንይዛቸዋለን?

ድስቱ ራሱ የሚያዋጣ መሆኑም የሚታየው ጉልበት ሲቆጠር ብቻ ነው። ይህንኑ ሾርባ በከሰል ብንሠራው፣ የከሰሉን 50 ብር እንበልና፣ እያማሰሉና እያራገቡ መቀመጡ ሥራውን ወደ 3 ሰዓት ቢያደርሰው ጉልበቱ 120 ብር ይሆናል። የመብራቱንና የእርጅናውን 36 ብር፣ የቀድሞውን 60 ብር ጉልበት አውጥተን እነዚህን ብናስገባ ድምሩ 624 ብር ነው፤ ሳህኑ 62 ብር ከ40። ጉልበቱን ካልቆጠርን ግን የከሰሉ 504፣ የኤሌክትሪኩ 490 ይሆናል፤ ልዩነቱ 14 ብር ብቻ ነው፣ ለ14 ብር ማን 6,000 ብር ያወጣል? እውነቱን ለመናገር ይህ ድስት በመብራት ቆጣቢነቱም ብዙ አይመሰገንም፤ የተለመደው የኤሌክትሪክ ምድጃ በአጭር ሰዓት የሚጨርሰውን እሱ በረጅም ሰዓት ይወስዳል። የሚቆጥበው ሌላ ነገር ነው። ከዓስር በኋላ ያለውን ሰዓት ይቆጥባል፤ የጾመች ሴት በጭስ ፊት ወገቧን ይዛ የምትቆምበትን፣ ቁርኣን ልትቀራበት፣ ልጆቿን ልታስጠናበት፣ ወይም ጋደም ልትልበት የምትችለውን ሰዓት። ጭሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ዋናው ምንጩ ማብሰያችን ነው።

የሽንኩርት ዋጋ ዛሬ ያለው ነገ እንደማይገኝም አንርሳ። ኪሎው ከ60 ወደ 100 ብር ቢወጣ በድስት 80 ብር፣ በሳህን 8 ብር ይጨምራል፤ 55ቱ 63 ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ በመኸር ጊዜ ከአርሶ አደሩ በጋራ በጆንያ መግዛትና በደረቅ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ዘርግቶ ማስቀመጥ ነው። ያልደረቀ አንገት ያለው ሽንኩርት ቶሎ ይበሰብሳል፤ ስንገዛ አንገቱን እንይ። ልጣጩም ክብደት ነው፤ በሚዛን የከፈልንበት 2 ኪሎ ድስት ውስጥ 2 ኪሎ ሆኖ አይገባም። ከመላጡ በፊትና በኋላ ይመዘን፣ ይጻፍ።

ለውድ ደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ሐሳቡን ስትሰሙ ለእያንዳንዷ አባል አንድ ድስት እንግዛ ብላችሁ ጠይቃችሁናል፤ ስለ ቸርነታችሁ እናመሰግናለን። እኛ የምንለምነው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለት ድስት ከራሳችን ገንዘብ እንገዛለን፤ የራስ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ በዓይን ይጠበቃል። ከእናንተ የምንፈልገው ብቻችንን የማንችለውን ነው፤ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ የምግብ ቴርሞሜትር፣ በማህበሩ ግቢ ደኅና የመብራት መስመር ዝርጋታ። ድስቱ ሌሊት ሙሉ የሚሠራ ስለሆነ ከምጣድ ጋር በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት የለበትም። ሪፖርታችንም ስንት ሳህን ሾርባ ሸጥን የሚል ብቻ አይሆንም፤ ስንት ሰዓት ጉልበት እንደወጣና ስንት እንደተከፈለም ታዩበታላችሁ።

የተከበራችሁ አባላት፣ እንግዲህ ለውሳኔ የምናቀርበው ይህን ነው። የሳህኑ ዋጋ 65 ብር ይሁን። 55ቱ ወጪውን ከነጉልበቱ ይሸፍናል፤ በየድስቱ 100 ብር ይተርፋል። በሁለት ድስት በ30 ቀን 6,000 ብር ይሆናል፤ የአንዱን ድስት ዋጋ መለሰ ማለት ነው። ለጉልበት የተያዘው 60 ብር በዚያው ቀን ለሠራችው አባል ይከፈል፤ ለቁጠባ ማዋል የምትፈልግም ራሷ ትወስን እንጂ ማንም አይወስንባት። ከየድስቱ 20 ብር የእርጅና ቅናሽ በተለየ ደብተር ይቀመጥ። ለተቸገረ ጎረቤት በነፃ የሚሰጥ ሳህን ይኑር፤ ግን እሱም በሰደቃ መስመር ላይ በዋጋው ይመዝገብ፤ መልካም ሥራችንም ምን ያህል እንደሆነ ይታወቅ።

ተራ የሚደርሳት አባል ከሌሊቱ 3 ሰዓት ላይ ሽንኩርቱን ጥዳ ትተኛለች። ስትነሣ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ ሲመሽ ደግሞ 60 ብሯ በእጇ ነው። ማህበራችን ይህን ያህል ማድረግ ከቻለ ሾርባው ምንም ያህል ቢጣፍጥ አይበዛበትም። እጅ አውጥታችሁ እንድትወስኑ መድረኩን ለሰብሳቢያችን እንመልሳለን።

አላህ ወሩን በሰላም ያድርሰን።